ሞተሩ ሲሞቅ ቅቤ ይሸተኛል

ግንቦት 25 ቀን 1967

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት እህል፣ ከሰዓት እህል። ከጎጃም ዳር የእርዳታ ማሽላ ጭኖ መምጣት፣ ከወሎ ዳር ባዶ ጆንያ ጭኖ መመለስ። የጣና ልጅ ነኝ፤ ውሃ አያስፈራኝም። እዚህ የሚከብደኝ ገደሉ ነው... ግራና ቀኝ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። ሰማዩ ራሱ እንደ መቀነት ጠባብ ነው።

ከባሕር ዳር ስነሳ "አንድ ወር ነው" ነበር የተባልኩት። የምነዳት የሞተር ጀልባ በጭነት መኪና ደሴ ገባች፣ ከደሴ መካነ ሰላም። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓባይ መንገድ የለም። ታዲያ ገበሬው ተሰልፎ በትከሻው ተሸክሟት ወረደ! ሴቱ ከኋላ እልል እያለ። ስሟም በዚያው ሙሽሪት ሆኖ ቀረ። ጀልባ ስትዳር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዘሊካ ምሳ አመጣችልኝ። ለጫኝና አውራጁ የምታበስል እሷ ናት፤ ባሏ ሱሌማን ደግሞ ማዶ፣ ጎጃም ዳር የእህሉ ዘበኛ ነው። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ወንዝ አሻግረው በመጮህ ነው። "ፍየሏ ወለደች ወይ?" ይላል ሱሌማን። "መንታ! አንዱ ቁርጥ አንተን!" ትላለች ዘሊካ። ዳር የቆመው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የእነዚህ ሰዎች ትዳር የሁለት ጠቅላይ ግዛት ጉዳይ ሆኗል።

ግራሶ ዛሬ አለቀ። ቆርቆሮውን በጣቴ ጠርጌ፣ የኋላ ክዳኑን ከፍቼ፣ እጄን ሰድጄ የመጨረሻዋን የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ቀባሁ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከበው ያያሉ። ምነው እንዲህ ሆኑ አሉኝ። ማሽን ቅባት ካጣ አንገቱ ይደርቃል፣ አንድ ቀን ቀጥ ይላል አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ለሞተር ከንፈር ሲመጠጥ...

ሰኔ 3

ዛሬ መሃል ወንዝ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። የተነጠረ ቅቤ። ዙሪያዬን አየሁ። ውሃ፣ ድንጋይ፣ ጆንያ... ቅቤ ከየት ይመጣል? እዚህ አገር ላሙ ሁሉ ባለፈው ክፉ ቀን አልቋል።

ጀልባይቱን የሚጠብቀውን ፖሊስ፣ አባተን፣ አንተም ይሸትሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱን አዞረ። "እኔ ጉንፋን ይዞኛል ጋሽ አድማሴ" አለኝ። በዚህ ሙቀት ጉንፋን!

ርሃብ ነው። ንፍሮ ብቻ የበላ ሰው እንኳን ቅቤ ዶሮም ይሸተዋል። ሚስቴን አስቻለችን አሰብኳት። "ሚስትህ ስትናፍቅህ ነው ወይስ ድስቷ?" ትለኝ ነበር ብትሰማ።

ሰኔ 8

ሽታው አሁንም አለ። ለማንም አልናገርም። አበደ ይሉኛል።

ሰኔ 14

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ንጉሡ ከላይ ወረደ። የጤፍ ዘሩ ሰኞ ማዶ ይደርሳል። እስካሁን ያሻገርኩት የሚበላ ነው፤ ይኼ ግን የሚዘራ ነው።

ንጉሡ ብዙ አይናገርም። ሰው ነው የነገረኝ... ዕድሜውን ሙሉ የግራዝማች ፈንታው ጭሰኛ ነበር። በክፉው ቀን ሁለት ልጆቹን ቀብሯል፤ ዘሩንም በሬውንም ያኔ በልተውታል። ዘንድሮ የመሬት አዋጁ ወጣና የሚያርሰው መሬት የራሱ ሆነ። በተዋሰው በሬ አርሶ፣ አለስልሶ ቁጭ ብሏል። እሱ ብቻ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። መሬት አለ፤ ዘር የለም። ግራዝማች ደግሞ ወደ አምባ መቅደላ ሸሽቷል ይባላል፣ "ጦሙን ያደረ መሬት ለባለቤቱ ይመለሳል" እያለ ያስወራል አሉ።

"ዓባይ ሳይሞላ ይሻገራል?" አለኝ ንጉሡ። አፌ ፈጣን ነው። ሦስት ቀን አይፈጅብኝም አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። መዳፉ ድንጋይ ነው።

ሰኔ 17

ሙሽሪት ቆመች።

የመጀመሪያውን የዘር ጭነት ይዤ ስመለስ፣ ወንዙ መሃል ላይ ሞተሩ ባንዴ ቀለለው። ጮኸ። ናፍጣ ጨመርኩ፤ ባሰበት እንጂ ጀልባይቱ ንቅንቅ አላለችም። ማርሽ አወጣሁ፣ አስገባሁ... ምንም። ውሃው ይዞን ቁልቁል ወረደ። ጫኞቹ አንዱ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላል፣ አንዱ ሚካኤልን ይጠራል። አለት ላይ ተደገፍን። ዋናተኞቹ ስልቻ ነፍተው፣ ደረታቸው ስር አድርገው ገመድ ይዘውልን መጡ። እየተጎተትን ወሎ ዳር ደረስን። የጫንነው ዘር ተርፏል።

ቀሪው ማዶ ነው።

ሰኔ 18

ጠልቄ ፕሮፔለሩን ዳበስኩ። ገመድ ወይ ጆንያ ጠምጥሞበት ይሆናል ብዬ ነበር። ንጹሕ ነው። አልላላም፣ አልተሰበረም። አባተ ዳር ቆሞ አዞ ይጠብቅልኛል፣ ጠመንጃውን ወደ እኔ አዙሮ።

ዋናተኞቹ ዘሩን በስልቻ እናምጣ አሉ። ሞከሩ። አንድ ጆንያ ተሻገረ፣ ግን ውሃ ገብቶበታል። እርጥብ ጤፍ ጆንያው ውስጥ ይበቅላል፤ ምን ያደርጋል? ሁለተኛውን ወንዙ ወሰደው። ዋናተኛውንም ሊደግም ሲል ጓደኞቹ በእግሩ ያዙት። በዚሁ ቀረ።

ሰኔ 19

የማርሹን ሣጥን፣ ካምቢዮውን፣ ፈታሁ። ጥርስ በጥርስ አየሁት፤ ሁሉም አለ። ተሰብሮ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር... በሽታውን ያላገኘ ሐኪም ሆንኩ። መልሼ ስገጥም መሸ።

ሰኔ 20

ንጉሡ ወርዶ ጀልባይቱን ዞሮ አያት። አንድ ቃል ከአፉ ወጣች፦ አሻጥር።

ሬዲዮ ያስተማረን ቃል ነው። በየቀኑ ይሰማል፤ እዚያ ፋብሪካ፣ እዚህ እርሻ። እኔ ላይ ይወድቃል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ግራዝማች ሰው ልኮ አናግሮሃል ይባላል አለኝ። ማን ነው ያለው? ይባላል ነው። ማኅበሩ ወስኗል፤ ጀልባይቱ እስክትነሳ ከዚህ ዳር ፈቀቅ እንዳልል፣ አባተም ከጀልባይቱ ይልቅ እኔን እንዲጠብቅ።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ግን ዓይኑን አየሁት። ሰውየው የፈራው እኔን አይደለም፤ ያለሰለሰው መሬት ላይ አረም ሲበቅል ማየት ነው የፈራው።

አባተ ታዲያ እንዲህ ያለ ትሑት ዘበኛ! "ጋሽ አድማሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የት ሊሄዱ ነው?" ይላል። ለሽንት ነው እላለሁ። "እሺ፣ ይቅርታ" ይልና ይከተለኛል።

ሰኔ 21

ማርያም ናት። ብረት ላነሳ ስል ዘሊካ ከምድጃዋ ተነስታ መጣች። "የማርያም ለታማ ብረት አይመታም" አለችኝ። አንቺ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ምን አገባሽ አልኳት። "ማርያም የሁላችንም ናት አያ አድማሴ፣ ይቀመጡ።" ተቀመጥኩ።

ወንዙ ከትናንት ዛሬ አንድ ክንድ ጨምሯል። ወደ ላይ ገደል፣ ወደ ፊት ውሃ፣ ከኋላ አባተ።

ሰኔ 23

ዛሬ አገኘሁት። ባላገኘሁት...

ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አደረግሁ። ግራሶ ካለቀ ወዲህ ከፍቼው የማላውቀውን የኋላ ክዳን ከፍቼ በሆዴ ተኛሁ። ጨለማ ነው። ከካምቢዮው በሚወጣው ብረት ላይ አንድ፣ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ አንድ፣ በነጭ አፈር ምልክት አደረግሁ። አባተን ሞተሩን አስነሳና ማርሽ አስገባ አልኩት። የካምቢዮው ምልክት ዞረ፣ ጠፋ ከፍጥነቱ። የዘንጉ ምልክት እንደተቀመጠ ነው። ንቅንቅ የለም።

እንግዲህ በሁለቱ መሃል ያለው ነው። ካፕሊንጉ። ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ጎማ። ሁለት ብረት በመሃላቸው ወፍራም ጎማ ነክሰው ነው አብረው የሚዞሩት፤ ጎማው ከሞተ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ጀልባይቱ ትቆማለች።

የሞተሩን መቀመጫ ብሎኖች ፈታሁ፤ አራት ሰው በእንጨት ፈንቅሎ ወደ ፊት ሳበልኝ። እጄን አስገባሁ። ጎማው እንደ በሰበሰ ጉበት በእጄ ላይ ቀረ። አብጧል፣ ለስልሷል፣ ሲነኩት ይቀደዳል። አዲስ ጎማ እንዲህ አይሆንም! ዘይት እንዳይነካው የተጠነቀቅሁለት ጎማ። ጣቴን አሸተትኩ።

ቅቤ።

አላመንኩም። ቀመስኩት። ኮረሪማ አለው። ግራሶ ኮረሪማ አይኖረውም።

እንግዲህ አላበድኩም ነበር። ጎማ ቅባት ጠላቱ ነው፤ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ማን ነው? ቀና ብዬ ሳይ ዘሊካ ከላይ ሆና ታየኛለች። "አገኙት አንገቷን?" አለችኝ። አገኘሁት አልኩ። "እኛማ አንገቷ እንዲደርቅ አልተውናትም ነበር" አለች፣ በኩራት። ክዳኑን ዘጋሁት።

ሰኔ 24

ንጉሡ መጥቶ ምን ሆና ነው አለኝ። ጎማው አርጅቶ ነው አልኩት።

"አዲስ ናት ብለህ ያስረከብከን አንተ ነህ" አለኝ።

እውነቱን ብናገር ነፃ እወጣለሁ... ግን ከዚያ በኋላስ? አሻጥር የምትለዋ ቃል አንዴ ከአፍ ወጥታለች፤ የሚሸከማት ሰው ትፈልጋለች። ዘሊካን ከምድጃዋ አንስተው ደሴ ሲወስዷት ታየኝ። ባሏ ማዶ ቆሞ እያየ። ቅቤ ቀባሁ ብትል ማን ያምናታል? ቅቤ በሌለበት አገር!

አዲስ ጎማ እንዲላክ መልእክት ወደ መካነ ሰላም ሄደ፤ ከዚያ በፖሊስ ሬዲዮ አዲስ አበባ። ንጉሡ ሲሄድ ዞሮ አለኝ፦ ጀልባይቱ እንደተነሳች እኔ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ለምርመራ።

ስለዚህ ሥራዬ ይኼ ነው። ጎበዝ ሆኜ ቶሎ ከጠገንኩ ቶሎ እታሰራለሁ።

ሰኔ 28

ወንዙ መጮህ ጀምሯል። ሱሌማን ማዶ ሆኖ አፉን ሲከፍት እናያለን፣ ድምፁ ግን አይደርስም። ዘሊካ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። ጆሮውን ያዘላት፣ አልሰማሁም እንደማለት። በእጇም እያሳየች ደገመች። ከዚያ ቆመው ተያዩ። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

ምን ልትነግሪው ነበር አልኳት። አንዷ ግልገል ሞታለች። "ባይሰማ ይሻላል" አለች።

ከሰዓት አውሮፕላን ሰማን። ከደመና በላይ። ሁላችንም ቆመን ቀና አልን። ዞረ፣ ዞረ... ተመለሰ። ጎማውን የያዘው ነው፤ የመካነ ሰላም ሜዳ ረግረግ ሆኖ አላሳርፍ ብሎት ነው አሉ።

አስቻለች ይኼን ጊዜ ምን ትል ይሆን? አንድ ወር ብሏት የሄደ ሰው።

ሰኔ 30

አውሮፕላኑ አረፈ ተባለ።

ሐምሌ 1

ዕቃው በበቅሎ ወረደ። በጨርቅ፣ ከላይ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሏል። ፈታሁት፤ ያልሆነ ቁጥር ልከው ቢሆንስ? የብሎን ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ጋር ደረብኩ። ልክ ናቸው። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ አፈረ። በቅሎዋን የነዳው ሰው መካነ ሰላም ላይ መኪና ይጠብቅዎታል አለኝ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ሐምሌ 2

ቀኑን ሙሉ በሆዴ። አሮጌውን ፍርፋሪ በካቻቢቴ ፋቅሁ። ብረቱን በአመድ፣ ከዚያ በናፍጣ አጥቤ አደረቅሁ፤ የቅቤ ጠረን እንኳ እንዳይቀር። አዲሱን ገጠምኩ። ብሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እያጠበቅሁ።

ከባዱ እሱ አይደለም፤ ማስተካከሉ ነው። ሞተሩና ዘንጉ በአንድ መስመር ካልተያዩ አዲሱም ጎማ በሳምንት ይቀደዳል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለኝም። የጢም ምላጬን አወጣሁ። በሁለቱ ብረቶች መሃል ላይም ታችም ግራም ቀኝም እኩል መግባት አለባት። ከላይ ትገባለች፣ ከታች ትነክሳለች። ከሞተሩ እግር ስር ቆርቆሮ ቆርጬ ሸጎጥኩ። አሁን ከታች ትገባለች፣ ከግራ ትነክሳለች... እንዲህ ስል ዋልኩ።

አንድ ብሎን ላላ አድርጌ ብተወውስ? ሳምንት አገኛለሁ። ይህን አሰብኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ የተጫነች በቅሎ የሚያክል ግንድ በወንዙ ላይ ሲያልፍ አየሁ። ሳምንት የለም። ዓባይ እየሞላ ነው። አጠበቅሁት።

ዘሊካ ጎንበስ ብላ ስትመለከተኝ ቆይታለች። የፋቅሁትን አሮጌ ጎማ አነሳች፣ በጣቶቿ አሸችው፣ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ።

"ጎማ ቅቤ ይጠላል?"

ብዋሽ ይዋሻሉ ትለኛለች። "ይጠላል" አልኳት።

"ያረቢ" አለች። ምድጃዋ ዘንድ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም ብዬ ጮህኩላት። አልዞረችም።

ሐምሌ 3

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሰዉ ሁሉ ዳር ወርዷል። ገበሬው፣ ሴቱ፣ ቄሱ፣ ሼኩ። ንጉሡ ወደ ደሴ የምላክበትን ደብዳቤ ይዞ ቆሟል፤ ሞተሯ ሲነሳ አንድ ጊዜ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ጀልባይቱን መንዳት ላለማመድኩት ጫኝ አስረክቤ ከአባተ ጋር ሽቅብ። ዕቃዬን አስሬ ጨርሻለሁ።

ዘሊካ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች።

"አያ ንጉሡ፣ ሰውየውን ልቀቁት። ሙሽሪትን የገደልኳት እኔ ነኝ።"

"በምን?"

"በቅቤ።"

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እሷ ቀጠለች። ግራሶ አለቀ ብለው ሲጨነቁ አየሁ፣ አንገቷ ይደርቃል አሉ፤ ለልጆቼ ጠጉር ያስቀመጥኳት ትንሽ ቅቤ ነበረችኝ፣ እሷን ቀባሁ አለች። ለእሳቸው ብንነግር ልጆቻችሁ ይራባሉ ብለው ይከለክሉናል፣ በስውር ነው ያደረግሁት አለች።

ንጉሡ "ብቻሽን?" አላት።

ዘሊካ ብቻዬን አለች። ያን ጊዜ ወርቄ፣ ቄሱ እንኳ የሚፈሯት አሮጊት፣ ከኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ምን ብቻዋን! እኔም ቀብቻለሁ። ጾም ሊገባ ነው፣ ለማን ላስቀምጠው ብዬ። ለአገር ዘር ሊያመጣ ለሚሄድ እንስሳ ቅቤ ያነሰዋል?"

እኔም አለች አንዲት። እኔም፣ የባቄላ ፍሬ ታህል አለች ሌላዋ። እኔም። እኔም። ከላይ ያለው ሰፈር፣ ከታች ያለው ሰፈር... ሙስሊሟም ክርስቲያኗም። ለካ ያ ሁሉ ጊዜ በየተራ ነው የሚቀቧት! እኔ እዚህ ቅቤ ይሸተኛል ብዬ ራሴን ስመረምር።

ንጉሡ ፊቱ ጠቆረ። "ጀልባይቱ ቀንም ሌትም ጠባቂ ነበራት። ጠባቂው የት ነበር?"

ሁላችንም ወደ አባተ ዞርን። ባርኔጣውን አወለቀ። ለመታሰር ይሁን ለመናዘዝ አላወቀም መሰለኝ።

"ክዳኑን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ" አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ "ኮረሪማ ያለበት የእኔ ነው። እናቴ ከከላላ የላከችልኝ።"

ያ ጉንፋን! ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ከእኔ ወርቄ ተቀበለችኝ፣ ከእሷ ሁሉም።

ንጉሡ ብቻ አልሳቀም። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ። "የእኔዋስ?" አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሚስቱ ከዳር ቆማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ደብዳቤውን አገላብጦ አየው። "ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?" አለ ለራሱ። "ሕዝቡ በሙሉ በቅቤ አሻጥር ሠራ ልበል?" ከንፈሩ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አድማሴ ወንድሜ... ክፉ ተናገርኩህ። ሂድ አስነሳት።"

ከመነሳቴ በፊት ለሴቶቹ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ሙሽሪትን የሚቀባ አይኖርም። የግድ መቀባት ያማረው እኔን ይቅባ አልኩ። ለሳቅ ነው ያልኩት።

አስነሳኋት። ማርሽ አስገባሁ። ጀልባይቱ ከወገቧ ገፋችኝ። ማዶ ሱሌማን ሽመሉን ወደ ሰማይ ሲወረውር አየሁ።

ሐምሌ 4

ትናንትና ዛሬ ያለ እረፍት። ውሃው ግንድ፣ የሞተ እንስሳ፣ አንድ ጊዜም ሙሉ የማሽላ መጠበቂያ ጎጆ ይዞ ያልፋል። ከሁለት ምልልስ አንዱ ላይ ክዳኑን ከፍቼ ጎማውን እዳስሳለሁ። ደረቅ ነው፤ ጠንካራ። የሚሸተኝ ናፍጣ ብቻ ነው። ናፍጣ እንዲህ ደስ ይላል?

ሊመሽ ሲል የመጨረሻው ጆንያ ወረደ፣ ከላዩ ላይ ሱሌማን ተቀምጦ። ዘሊካ ሄዳ ፊቱ ቆመች። ይኼን ሁሉ ጊዜ አገር እየሰማቸው የተነጋገሩ ሰዎች፣ ሲገናኙ ድምፃቸው ወረደ። ግልገሏ ሞተች አለችው ቀስ ብላ። አወቅሁ፣ ከእጅሽ አየሁት አላት።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። እኔ ተኝቼ ዋልኩ።

ሐምሌ 8

ሙሽሪትን ወንዙ ከማይደርስበት ጎትተው ሾላ ስር አስቀመጧት። እስከ መስከረም ትረፍ። ክዳኑን ቆለፍኩና ቁልፉን ለንጉሡ ሰጠሁት። ለአባተ አልሰጠሁም።

ልሰናበት ስል ሴቶቹ ከበቡኝ። ዘሊካ ተቀመጡ አለችኝ። ባርኔጣዬን ወርቄ አወለቀችው። ምን ልታደርጉኝ ነው ሳልል ጣታቸው ራሴ ላይ ነው... አንዷ እንደ ባቄላ፣ አንዷ እንደ ምስር፣ አንዷ ጣቷ ላይ የቀረውን ብቻ። እንዲቀቡኝ ያልኩት እኔ አይደለሁም? ተው፣ ለልጆቻችሁ ይሁን አልኩ። "እንዲህ ይሉናል ብለን አይደል ሙሽሪትን በስውር የቀባናት" አለች ዘሊካ። "ዝም ብለው ይቀቡ። አላህ በሰላም ያግባዎ።" አሚን አልኩ። ዓይኔን የቆጠቆጠኝ ቅቤው ነው፣ ሌላ አይደለም።

አሁን የምጽፈው አቀበቱ አጋማሽ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አባተ የመፍቻ ሣጥኔን ተሸክሞ ከፊቴ ነው፤ ዛሬ ከኋላዬ አይሄድም። እዚህ ሲደርሱ ሰማዩ ይሰፋል። ቁልቁል ሳይ የግራዝማች የነበረው ቁልቁለት ጥቁር ነው፣ ታርሷል። መሃሉ ላይ አንድ ሰው እጁን ወደ ጎን እየሰደደ ይራመዳል። ከዚህ ፊቱ አይታይም። አረማመዱ ግን የንጉሡ ነው። ጤፍ እየዘራ ነው።

ፀሐይዋ በረታች። ቅቤው ቀልጦ በአንገቴ ይወርዳል። ሽታው... ዛሬ ርሃብ አይደለም።